የሌሊቱ ባክአፕ ይሠራል፣ ኢሜይሉ ግን ከሚያዝያ ጀምሮ ቀርቷል

የእድሩ ጸሐፊ

ጤና ይስጥልኝ። መጀመሪያ ልናዘዝ፤ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት ቀርቶኛል። ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ አንድ አሮጌ የቢሮ ዴል ኮምፒውተር ተቀምጧል። ልጄ ለትምህርት ጀርመን ከመሄዱ በፊት ዴቢያን 12 የሚባል ሊኑክስ ጫነበትና "አባዬ፣ ይሄ የቤታችን ሰርቨር ነው፤ አትንካው" ብሎኝ ሄደ። ስላልነካሁት ነው መሰለኝ እስካሁን የሠራው።

ውስጡ የቤተሰቡ ፎቶ አለ። የእናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የተቀዳ ድምፅ አለ። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን የሰፈራችን እድር መዝገብ ነው። ማን ከፈለ፣ ማን ውዝፍ አለበት፣ ድንኳኑ አሁን የማን ግቢ ነው ያለው፣ ባለፈው ለቅሶ ስንት ወንበር ተሰብሮ ተመለሰ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ይሄ መዝገብ ቢጠፋ ሰፈር ከመቀየር ሌላ አማራጭ የለኝም።

ልጄ በየሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በክሮን፣ ማለትም በቀጠሮ ሰዓት ሥራ በሚያስነሳ ፕሮግራም፣ የሚነሳ ባክአፕ ሠርቶልኛል። ሁሉንም ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገለብጣል። ሲጨርስ ጂሜይሌ ላይ ሦስት መስመር ይልክልኛል፦ ስንት ፋይል ተገለበጠ፣ ዲስኩ ስንት በመቶ ሞላ፣ ስንት ሰዓት ላይ አለቀ። መጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ሻይ ይዤ አነበው ነበር። በኋላ መምጣቱን ብቻ አይ ጀመር። ከዚያ እሱንም ተውኩት።

ባለፈው እሁድ የእድሩ ስብሰባ ላይ አንድ አዛውንት አባል "ለመሆኑ ያ ኮምፒውተር ቢቃጠልስ?" ብለው ጠየቁ። እኔ ደግሞ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ኮራ ብዬ "በየሌሊቱ ቅጂ ይወጣል፤ ማስረጃውን ላሳይዎት" አልኩና ስልኬን መዘዝኩ። የመጨረሻው ኢሜይል የሚያዝያ 19 ነው። ያለነው ሐምሌ ላይ ነው። ስልኩን ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኩና "ኔትወርክ የለም" አልኩ። ውሸቴን ነበር።

ቤት ገብቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። ዲስኩ ላይ ያለው ቅጂ የትናንት ሌሊቱ ነው። ባክአፑ ይሠራል ማለት ነው። ስፓሙን አገላብጫለሁ፣ የለም። ክሮንታቡን፣ የክሮንን የቀጠሮ ዝርዝር ማለቴ ነው፣ ከፍቼ አየሁት፤ ከላይ "ሜይልቱ" በሚለው ላይ የኔ አድራሻ በትክክል ተጽፏል። ማሽኑን አጥፍቼ አብርቻለሁ። ልጄን እንዳልጠይቀው ፈተና ላይ ነው፤ ደግሞም "ምን ነካክተህ ነው?" ማለቱ አይቀርም። ምንም አልነካካሁም።

ትዕዛዞቹን በአማርኛ ፊደል የምጽፈው ስልኬ ላይ ኪቦርድ መቀያየር ስለሚያናድደኝ ነው። እናንተም እንደዚያው ብትመልሱልኝ ይገባኛል።

ቆሎ ተማሪ

ጋሼ፣ የክሮንታቡን መስመር ጫፍ ይዩት። "ዴቭ ነል" የሚል ነገር ካለ ውጤቱ ሁሉ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚገባው። ክሮን ኢሜይል የሚልከው ሥራው የሆነ ጽሑፍ ሲያወጣ ብቻ ነው። ሥራው ዝም ካለ እሱም ዝም ይላል።

ሌላው ሰዓቱ ነው። እውነት ሌሊት 8 ሰዓት ነው የሚነሳው? እኔ የመጀመሪያ ክሮኔን ስጽፍ "ሌሊት 8 ሰዓት" ብዬ አስቤ 8 ቁጥርን አስገባሁ። ክሮን የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተነስቶ፣ እናቴ ከአክስቴ ጋር በቪዲዮ እያወራች ኢንተርኔቱን ሁሉ ጠጣው። ሁለት ሳምንት ሙሉ "ይሄ ዋይፋይ ጠዋት ጠዋት ምን ይነካዋል?" ስትል እኔም አብሬያት ስገረም ነበር።

የእድሩ ጸሐፊ

ሰዓቱ ልክ ነው፣ መስመሩ ላይ የተጻፈው 2 ነው። ልጄ ከበላዩ "ሌሊት 8 ሰዓት ማለት ነው" ብሎ ማስታወሻ ትቶልኛል፤ የአባቱን ነገር ያውቃል። ዴቭ ነል የሚል ግን የለም።

ሌሊት ፈረቃ

እንደምን አመሹ ጋሼ። ሥራዬ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ተረኛ ነኝ። እስኪነጋ ጊዜ አለኝ።

ክሮን ራሱ ኢሜይል መላክ አያውቅም። የሥራውን ውጤት ሰብስቦ "ሴንድሜይል" ለሚባል ፕሮግራም ያስረክብና ዞር ይላል። በዚያ ስም የተቀመጠው ማን እንደሆነ ከቤት ቤት ይለያያል። አንዳንዱ ቤት ማንም የለም፤ ያኔ ክሮን ሎጉ፣ ማለትም የውሎ መዝገቡ፣ ላይ "ፖስተኛ አልተጫነም፣ ውጤቱን ጥዬዋለሁ" የሚል መስመር ይጽፋል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ፖስትፊክስ የሚባል ፖስተኛ ፕሮግራም "ለዚሁ ማሽን ብቻ" ተብሎ ተጭኗል። ያኔ ደብዳቤው በሙሉ ቫር ሥር ባለው የሜይል ማህደር ውስጥ ይከመራል። አንድ ቢሮ ሄጄ የሦስት ዓመት ደብዳቤ እዚያ ተቆልሎ አግኝቻለሁ። ዲስኩ ሊሞት እንደሆነ የሚናገሩት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ዲስኩም ሞቷል።

የእርስዎ ግን እስከ ሚያዝያ ይመጣ ስለነበር መንገዱ አንድ ጊዜ በትክክል ተሠርቷል። የተሠራ መንገድ ነው የተበላሸው። ስለዚህ መጀመሪያ የክሮንን ሎግ ያውጡና የሌሊት 8 ሰዓቱን መስመሮች ያንብቡ። ዴቢያን 12 ሲጫን ያ ሲስሎግ የሚባለው የድሮው የሎግ ፋይል አብሮ አይመጣም፤ አሮጌ መመሪያ አግኝተው ፋይሉን ቢያጡት እንዳይደናገጡ። በጆርናልሲቲኤል ትዕዛዝ ነው የሚታየው። ከዚያ ሴንድሜይል የሚለው ስም የሚጠቁመው ወደ ማን እንደሆነ ይዩልኝ። በመጨረሻ አንዲት ቃል በእጅዎ ወደ ራስዎ ይላኩ። ሲልኩ ግን ሩት፣ ማለትም የማሽኑ ዋና ተጠቃሚ፣ ሆነው ይሁን። ባክአፑ የሚሠራው በሩት ከሆነ ሙከራውም በሩት መሆን አለበት፤ በራስዎ ስም የሄደ ደብዳቤ ስለ ሩት ምንም አያረጋግጥም።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ። ሚያዝያ 19 ወይም 20 ላይ ምን ሆነ? ማሽኑ ላይ ብቻ ማለቴ አይደለም።

ለሌሎቻችሁ በዚያው ልንገራችሁ፦ ሥራችሁን "ክሮን ዴይሊ" ማህደር ውስጥ ካስቀመጣችሁ የፋይሉ ስም ነጥብ አይኑርበት። "ባክአፕ ነጥብ ኤስኤች" ብላችሁ ካስቀመጣችሁት ዴቢያን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ስህተት እንኳ አይናገርም። ይሄን ለማወቅ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ከፍያለሁ።

የእድሩ ጸሐፊ

የታዘዝኩትን አደረግሁ።

ሎጉ ላይ በየሌሊቱ ሁለት መስመር አለ። አንዱ ባክአፑ ተነሳ ይላል። ሁለተኛው 143 ባይት ላክሁ፣ ነገር ግን ፖስተኛው ጥሩ ያልሆነ መልስ ሰጠኝ ይላል። ይሄ መስመር በየሌሊቱ ሲጻፍ ከርሟል። ማን ያንብበው?

ሴንድሜይል የሚጠቁመው ኤምኤስኤምቲፒ ወደሚባል ነው። በሩት ሆኜ "ሰላም" ብዬ ላክሁ። 535 ብሎ መለሰልኝ፤ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ተቀባይነት አላገኘም ነው የሚለው።

እዚህ ላይ ሚያዝያ 19 ትዝ አለኝ። ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ሚኒባሱ መጣና ሰዉ ተገፋፋ። እኔም እንደ ሽማግሌ ሳይሆን እንደ ጎረምሳ ተጋፋሁ። ገብቼ ስቀመጥ የሸሚዜ ኪስ ቀሎኛል። ረዳቱ "ፋዘር፣ ሂሳብ" ሲለኝ ብሩ አለ፣ ስልኩ የለም። ማታ የእህቴ ልጅ መጣና "ጋሼ፣ ዋናው ስልኩ አይደለም፣ ጂሜይሉ ነው" ብሎ ፓስወርዴን በእሱ ስልክ አስቀየረኝ። አዲስ ስልክ ስገዛ በአዲሱ ፓስወርድ ገባሁ፣ ሁሉም ነገር ሠራ። እኔ ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። የኤምኤስኤምቲፒን ፋይል ከፍቼ ሳይ ውስጡ ያለው የድሮው ፓስወርዴ አይደለም። ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ነው። እሱ ታዲያ እንዴት ተበላሸ?

ሌሊት ፈረቃ

ደረሱበት እኮ ጋሼ።

ያ የፊደል ክምር "አፕ ፓስወርድ" ይባላል። ጉግል እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2022 መጨረሻ ጀምሮ እንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞችን በግል አካውንት ዋና ፓስወርድ አያስገባም። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይበራና ለእያንዳንዱ ፕሮግራም 16 ፊደል ያለው የራሱ ቁልፍ ይሰጠዋል። ልጅዎ ያደረገው ይሄንን ነው፣ በደንብ አድርጎታል።

ታዲያ ዋናው ፓስወርድ ሲቀየር ጉግል እነዚያን ቁልፎች በሙሉ ይሰርዛል። የቤቱን ዋና ቁልፍ የቀየረ ሰው ለዘበኛና ለሠራተኛ የሰጠውንም መሰብሰቡ አይቀርም፤ ትክክል ነው የሠሩት። ሰርቨሩ ግን ይሄን የሚነግረው የለም። በየሌሊቱ የድሮውን ቁልፍ ይዞ በር ላይ ይቆማል፣ ይመለሳል።

አሁን ጉግል አካውንትዎ ውስጥ ገብተው አዲስ አፕ ፓስወርድ ያውጡ። አራት አራት ፊደል ሆኖ ይታያል፤ በመሃል ያለውን ክፍተት ትተው አያይዘው ይጻፉት። እንደጨረሱ ፋይሉን ከሩት በቀር ማንም እንዳያነበው ፈቃዱን 600 ያድርጉት። ከዚያ ያችን "ሰላም" ደግመው ይላኩ።

የእድሩ ጸሐፊ

ገባ! በሦስት ሰከንድ ገባ። "ሰላም" የምትል ደብዳቤ ከሳሎን ወደ ሳሎን፣ በጉግል በኩል ዞራ መጣችልኝ። እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ። ጉዳዩ ተዘግቷል።

የእድሩ ጸሐፊ

አልተዘጋም።

ትናንት ሌሊት ባክአፑ ሠርቷል፣ ኢሜይሉ አልመጣም። ዛሬም እንደዚያው። ጠዋት ተነስቼ በእጄ ስልከው ይሄዳል። ማታ ከዜና በኋላ ስልከው ይሄዳል። ሌሊት ክሮን ሲልክ ግን አይሄድም። ሚስት አስታራቂ ፊት ስትቀርብ ጨዋ የሚሆን ባል ዓይነት ነገር ሆነብኝ።

ቆሎ ተማሪ

ክሮን ሲሆን ፓዙ ይለያያል፣ ጋሼ። እርስዎ ተርሚናል ላይ ሲጽፉ ማሽኑ ፕሮግራም የሚፈልግባቸውን ማህደሮች ክሮን ላያውቅ ይችላል። የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ ይጻፉለት።

ሌሊት ፈረቃ

@ቆሎ ተማሪ እሱ ጥሩ ግምት ነው፣ ግን ባክአፑ እየሠራ ነው፤ ሴንድሜይልን ደግሞ ክሮን ራሱ ነው የሚጠራው።

ጋሼ፣ ኤምኤስኤምቲፒ የራሱ ሎግ አለው፤ ያ ፓስወርዱ ያለበት ፋይል ውስጥ "ሎግፋይል" ከሚለው አጠገብ አድራሻው አለ። የሌሊቱ መስመር አሁንም 535 ይላል?

የእድሩ ጸሐፊ

አይልም። 535 እስከ ትናንት ወዲያ አለ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ወደ ላይ ስመለስ ግን የቆመው ከወር በፊት ሰኔ ላይ ነው። ከሰኔ አጋማሽ ወዲህ የሌሊቶቹ መስመር ሌላ ነው። የጂሜይልን ሰርቨር ስም ላገኘው አልቻልኩም ይላል።

ሌሊት ፈረቃ

እንግዲያው ሁለት የተለያየ ችግር ነው ያለዎት። ሁለተኛው በመጀመሪያው ጥላ ሥር ተደብቆ ቆይቷል። ስሙን አላገኘሁም ሲል ብዙ ጊዜ በዚያ ሰዓት ኢንተርኔት የለም ማለት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቤትዎ ኢንተርኔት አለ?

የእድሩ ጸሐፊ

አለ እንጂ፣ ወርኃዊ ነው የምከፍለው፣ ለምን አይኖርም ብዬ ልመልስልህ ነበር። ከዚያ ቆም አልኩ። እኔ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነቅቼ አውቃለሁ?

ትናንት ነቃሁ። ጋቢዬን ደርቤ ሳሎን ገባሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ዴሉ ከቴሌቪዥኑ ሥር ሰማያዊ መብራቱን አብርቶ ያንጎራጉራል። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ባክአፑ ጀምሯል። ቀና ብዬ መደርደሪያው ላይ ራውተሩን ሳየው ጨለማ ነው። አንድም አረንጓዴ የለም። መብራት ጠፍቶ እንዳይሆን ማብሪያውን ተጫንኩ፣ መብራት አለ። በእጄ ገመዱን ተከትዬ ወደ ታች ወረድኩ። መጨረሻው ላይ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታስሮ ተቀምጧል። የስልኩ መስመርም ከጀርባው ተነቅሏል። በእርጋታ የተሠራ ሥራ ነው።

ከመኝታ ቤት ድምፅ መጣ። "ምን ትሠራለህ በዚህ ሌሊት?"

"ራውተሩን ማን ነቀለው?"

"እኔ ነኝ። መብረቅ ነው፣ ተወው!"

ለካ ሰኔ ላይ የጎረቤታችን ዲኮደር መብረቅ መትቶት ተቃጥሏል። እኔ ሰምቼ ረስቼዋለሁ፣ ባለቤቴ ግን አልረሳችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክረምት እስኪያልፍ ማታ ማታ ትነቅለዋለች፣ ጠዋት ለጸሎት ስትነሳ ትሰካዋለች። "ታዲያ ኮምፒውተሩንስ ለምን አልነቀልሽም?" አልኳት። "እሱ የልጄ ዕቃ ነው፣ አትንኩት ብሏል" አለችኝ። ደግሞ መብረቁ የሚገባው በስልክ መስመሩ ነው፣ መስመሩን ነቅያለሁ፣ ሌላ ምን ቀረ ትላለች። መልስ አጣሁ።

ራውተሩን አትንቀይ ማለት እንደማልችል ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ሌላ ነገር ንገሩኝ።

ቆሎ ተማሪ

ሃሃሃ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቀላሉ መፍትሔ ባክአፑን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ማድረግ ነው። 2ቱን በ8 ይተኩት። የኔ ስህተት ለእርስዎ መድኃኒት ሆነ።

ሌሊት ፈረቃ

ባለቤትዎ ልክ ናቸው። መብረቅ በመብራት መስመርም ሊገባ ስለሚችል ዴሉም ጥሩ የሰርጅ፣ ማለትም የድንገተኛ ኃይል፣ መከላከያ ያስፈልገዋል፤ ማከፋፈያ ሁሉ መከላከያ አይደለምና ሲገዙ ይጠይቁ።

ባክአፑን ወደ ጠዋት ማዛወር ይሠራል። ግን ክረምት ነው፣ ጠዋት ደግሞ መብራት የሚሄድበት ቀን ይኖራል። እኔ ብሆን ፖስተኛውን ነው የምቀይረው።

ኤምኤስኤምቲፒ ወረፋ የለውም። በር አንኳኩቶ መልስ ካጣ ደብዳቤውን ቦይ ውስጥ ጥሎ የሚመለስ መልእክተኛ ማለት ነው። ኢንተርኔት የማይጠፋበት አገር ለተቀመጠ ሰው ችግር የለውም፤ ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ለዚህ ነው ሁሉም የሚመክረው። ፖስትፊክስ ግን መልስ ካጣ ደብዳቤውን ይዞት ይቀመጣል። ከ5 ደቂቃ ጀምሮ ክፍተቱን እያሰፋ ደጋግሞ ይሞክራል። ምንም ካልነገሩት 5 ቀን ሙሉ ይታገሣል። እንዲያውም ሚያዝያ ላይ ፖስትፊክስ ቢኖርዎት ኖሮ የፓስወርዱን 535 ጭምር እንደ ጊዜያዊ ችግር ቆጥሮ ደብዳቤዎቹን 5 ቀን ያቆይልዎት ነበር።

ፖስትፊክስን ሲጭኑ ኤምኤስኤምቲፒን ከሴንድሜይልነት ወንበሩ ያወርደዋል፤ ሁለቱ አብረው አይቀመጡም። ሲጫን ምን ዓይነት እንዲሆን ይጠይቅዎታል፣ "ሳተላይት ሲስተም" ይበሉት። ራሱ በቀጥታ ያድርስ እንዳይሉት። ከቤት ኢንተርኔት ፖርት 25 የሚባለው የኢሜይል መውጫ በር ብዙ ቦታ ዝግ ነው፤ ክፍት ቢሆንም ጂሜይል ከቤት ኢንተርኔት አድራሻ በቀጥታ የመጣን ደብዳቤ አያምንም። በጂሜይል በር፣ በፖርት 587፣ በአፕ ፓስወርድዎ ነው መውጣት ያለበት። "ሪሌይሆስት" በሚለው ላይ የሰርቨሩን ስም በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያስገቡት። ፓስወርዱ በተለየ ፋይል ይጻፋል፤ ጽፈው ሲጨርሱ "ፖስትማፕ" የሚለውን ትዕዛዝ ካልሰጡበት ፖስትፊክስ አያየውም። ይሄን ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ ይረሳዋል።

የእድሩ ጸሐፊ

ፖስትማፕን አልረሳሁም። ግን አሁን "የማረጋገጫ ዘዴ አልተገኘም" ይለኛል። ፓስወርዱን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ልክ ነው።

ሌሊት ፈረቃ

የኔ ጥፋት፣ ሳልነግርዎት ቀረሁ። "ሊብሳስል 2 ሞጁልስ" የሚባል ጥቅል አለ፣ እሱ አልተጫነም። ዴቢያን ላይ ለብቻው ነው የሚጫነው። ይጫኑትና ፖስትፊክስን አስነስተው ይሞክሩ።

የእድሩ ጸሐፊ

ሠራ። አሁን ራውተሩን ራሴ ነቅዬ ሙከራ ላክሁና "ሜይልኪው" አልኩ። ደብዳቤዋ ወረፋ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ልክ እንደ ቀበሌ። መልሼ ሰካሁት፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይታ ሄደች።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ጋሼ፣ ባለቤትዎ እናቴን አስታወሱኝ። እኔ አሜሪካ ነኝ፤ አዲስ አበባ ወላጆቼ ቤት ራስበሪ ፓይ 4 የምትባል አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር አስቀምጬ የቤተሰቡን ፎቶ በእሷ ነው የማስቀምጠው። ከሩቅ ሆኖ ሰርቨር መጠበቅ ምን እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ።

የኔዋ ደግሞ የራሷ ሰዓት የላትም፤ ፓይ 4 ላይ ባትሪ ያለው ሰዓት የለም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኢንተርኔት እስክታገኝ የምታውቀው ከመጥፋቷ በፊት የነበረውን ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ መብራት ለቀናት ጠፍቶ ሲመለስ ባለፈው ሳምንት ውስጥ ሆና ሥራዋን ስትሠራ አግኝቻታለሁ። የእርስዎ ዴል ባትሪ ይኖረዋል፤ አሮጌ ስለሆነ ግን እሷም ሳታልቅ አልቀረችምና ነቅለው ሲሰኩት ሰዓቱን ይዩት።

የመጣሁበት ነገር ሌላ ነው። ፖስትፊክስ ደብዳቤ አያጠፋም፣ እሺ። ማሽኑ ራሱ ቢሞትስ? ባክአፑ ጭራሽ ባይነሳስ? ያልተጻፈ ደብዳቤ ወረፋ አይጠብቅም። እኔ ከሳጥኗ ውጭ የሚጠብቅ አስቀምጫለሁ። ሄልዝቼክስ የሚባል አገልግሎት አለ፣ እስከ 20 ሥራ ድረስ በነጻ ነው። ባክአፑ ሲያልቅ አንዲት አድራሻ "ነካ" ያደርጋል። በቀጠሮው ሳይነካ ከቀረ ለእኔ ኢሜይል የሚጽፈው እነሱ ጋ ያለው ማሽን ነው፣ የኔዋ አይደለችም። ለመብራቱ ስል የ12 ሰዓት ትዕግስት ጨምሬበታለሁ፤ ያለዚያ በየሁለት ቀኑ ያስደነግጠኝ ነበር።

የእድሩ ጸሐፊ

እህቴ፣ ያልሽው ገብቶኛል። በእድር ቋንቋ ልመልስልሽ። እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ጎህ ሳይቀድ ዞሮ ይናገራል። ጡሩምባው ካልተሰማ ሁሉም ደህና አድሯል እንላለን። አንድ ጊዜ ጡሩምባ ነፊያችን ራሳቸው ያረፉ ዕለት ሰፈሩ እስከ ረፋድ አልሰማም። እኔ ሰርቨሬን ሦስት ወር በዚህ ዓይነት ነው የያዝኩት።

ግን እዚያ ላይ የኔ ቤት ችግር አለ። ባክአፑ በሚያልቅበት ሰዓት ራውተሩ ተነቅሏል፤ ያችን አድራሻ በምን ይነካታል?

ሲልቨር ስፕሪንግ

እውነትዎን ነው። መንካቱን ከባክአፑ ይለዩት። ባክአፑ በሰላም ሲያልቅ ባዶ ፋይል አስቀምጦ ይለፍ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሌላ ትንሽ ክሮን ይነሳ፤ ፋይሉ የዛሬ ከሆነ አድራሻዋን ይንካ፣ ካልሆነ ዝም ይበል። ዝም ሲል እነሱ ይጮኻሉ።

ሌሊት ፈረቃ

ይሄ ከኔ ይሻላል። ጋሼ፣ ክሮንታቡ ላይ ጠዋት 3 ሰዓት 9 ነው የሚጻፈው። @ቆሎ ተማሪ አንተም ያዝ።

የእድሩ ጸሐፊ

ከሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ።

ባለቤቴ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ራውተሩን ትሰካለች። ደብዳቤው አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይገባል፤ ፖስትፊክስ የሙከራ ክፍተቱን ስለሚያሰፋ ነው ብላችሁኛል፣ ለኔ ምንም አይደለም። እሁድ ሌሊት ሆን ብዬ ዲስኩን ነቅዬ አደርኩ። ሰኞ ረፋድ ላይ ከውጭ ያለው ማሽን ገና ትዕግስት ላይ ነበር፤ ማታ ግን "ባክአፕህ አልተሰማም" ብሎ ጻፈልኝ። ደስ አለኝ። ዲስኩን መልሼ ሰካሁት።

ለልጄም ደወልኩለት፣ ፈተናውን ጨርሷል። ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ያለው "ምን ነካክተህ ነው?" ነው።

ትናንት ደግሞ ስብሰባ ነበር። ከሻይ በኋላ እዚያ አዛውንት አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩና ስልኬን አወጣሁ። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ራቅ ቀረብ እያደረጉ አነበቡት። የጠዋቱ ኢሜይል ነው፣ ሦስት መስመር።

"ኔትወርኩ መጣልህ?" አሉኝ።

"መጣልኝ ጋሼ።"

ጣታቸውን ሁለተኛው መስመር ላይ አሳረፉ። "96 በመቶ ማለት ምን ማለት ነው? የከፈለው አባል ነው?"

ዲስኩ ነው የሞላው። እሱን ሌላ ርዕስ ከፍቼ እጠይቃችኋለሁ።